የብሩክታዊት አባት ነኝ ያለው ሰው

የብሩክታዊት አባት ትምህርት ቤት ተጠርቶ ስለ ልጁ ማርፈድ ይቅርታ መጠየቁን አራጌ የሰማው ገመድ ሊገዙ ከገቡ ሁለት ሴቶች ነው። የብሩክታዊት አባት ማለት ደግሞ ራሱ አራጌ ነው። ልጁን ካስመዘገበበት ቀን ወዲህ የዚያን ትምህርት ቤት ደጅ ረግጦ አያውቅም። ሴቶቹ ከአስፋልቱ ማዶ ካለው ሰፈር የመጡ ስለሆኑ ባለሱቁን አያውቁትም፤ እሱም ከጀሪካን ክምሩ ጀርባ ቁጢጥ ብሎ የመስኖ ጎማ ይጠቀልል ነበርና አላዩትም። ገና ሦስት ሰዓት ሳይሞላ የቆቦ ፀሐይ ቆርቆሮውን ማንጫጫት ጀምሯል፤ ሱቁ ፕላስቲክ ፕላስቲክ ይሸታል።

«ከሁሉ አንጀቴን የበላኝ የብሩክታዊት አባት ነው» አለች አንደኛዋ፣ የናይሎኑን ገመድ በክንዷ እየለካች።

«የቷ ብሩክታዊት?»

«የአሥራ ሁለተኛ ክፍሏ። ረዘም ያለችው፣ ቅንድቧ ላይ ጠባሳ ያላት። እኛ በረንዳው ላይ ተኮልኩለን አርፋጅ ልጆቻችንን ስንራገም፣ እሱ ቢሮ ገብቶ ምን እንዳለ እንጃ፤ ሲወጣ ዓይኑ ደም መስሏል። ወንድ ልጅ ለልጁ እንዲያ ሲሆን አይቼ አላውቅም። አባት ማለት እሱ ነው እቴ!»

አራጌ ከጀሪካኑ ጀርባ ብድግ ሲል ሴቶቹ ደነገጡ። እሱ ግን ከእነሱ ይበልጥ ደንግጧል። ገመዱን እነሱ በጠሩት ዋጋ፣ አንዲት ቃል ሳይከራከር ሸጠላቸው፤ ይኸ በዚያ ሱቅ ታይቶ የማይታወቅ ነገር ነው። አንድ ጥያቄ ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሶ ተመለሰ። ‹ያ ሰው ምን ይመስላል?› ቢላቸው ‹አንተ ምን አገባህ?› ይሉታል። ‹አባቷ እኔ ነኝ› ቢላቸው ደግሞ ወሬው ሳይመሽ ቆቦን ከዳር እስከ ዳር ያዳርሳታል። ሸኛቸው፤ ያቺ ገመድ የለካችው ስትወጣ ዞር ብላ ፊቱን ደግማ አየችው። የቅንድቡ ጠባሳ ግን ከፊቱ አልሄድ አለ። ብሩክታዊት በሦስት ዓመቷ ደጃፍ ላይ ወድቃ የተፈነከተች ጊዜ፣ ደሟ በሸሚዙ ላይ እየፈሰሰ እስከ ጤና ጣቢያ አዝሏት የሮጠው እሱ ነው። አባት ማለት ሌላ ሰው ነው አሉ እንግዲህ!

አራጌ ተጠራጣሪ ሰው ነው። ይህን ወዳጁም ጠላቱም ያውቃል፤ እሱም ቢሆን ‹ጠንቃቃ ነኝ› ይላል እንጂ አይክድም። ደንበኛ ሲገባ ፊቱን ሳያይ እጁን ያያል። ቤት ውስጥ ስኳሩን ሳጥን ውስጥ ቆልፎ ነው የሚያስቀምጠው። ያ የጦርነት ክፉ ጊዜ መጥቶ ቤቱ ተዘርፎ ባዶውን ከቀረ ወዲህማ ብሶበታል። የግቢው በር የውስጥ መቀርቀሪያ ያን ሰሞን ተገንጥሎ ቀርቷል፤ ማታ ማታ ከውስጥ ግንድ ይደገፍበታል፤ ጎህ ሲቀድ ለኪዳን ሲወጣ ግን ሰንሰለት አዙሮ፣ ከውጭ በጓጉንቸር ቆልፎት ይሄዳል። ቁልፉ ከማተቡ ጋር ታስሮ አንገቱ ላይ ነው። ጸሎቱን አድርሶ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር ከእድሜ እኩዮቹ ጋር ስለ ዝናቡም ስለ ማሽላ ዋጋም ተጨዋውቶ፣ ተመልሶ ይከፍታል። ሚስቱ ትርሲት መጀመሪያ ሰሞን ታጉረመርም ነበር፤ አሁን ትታዋለች። ‹ሌባ የሚገባው ባለቤቱ ጸሎት ላይ ሲሆን ነው› ይላል አራጌ፣ ማንም ሳይጠይቀው።

ሌባውንም አውቀዋለሁ ባይ ነው። ታናሽ ወንድሙ ሞላ እዚያው ከአባታቸው በወረሱት ግቢ ጎን ለጎን ይኖራል፤ መሐላቸው የቆርቆሮ አጥር ቆሟል። አጥሩን ያቆመው አራጌ ነው። የእናታቸው አርባ በወጣ ማግስት የእናትየው የብር ድሪ ጠፋ። አራጌ ‹ከአንተ በቀር ያንን ሳጥን የነካ የለም› አለ፤ ሞላ ታቦት ጠርቶ ማለ፤ አራጌ ቆርቆሮና ሚስማር ገዝቶ መጣ። ከዚያ ወዲህ በፋሲካም በዘመን መለወጫም አይነጋገሩም። አንዱ ሲያስነጥስ ሌላው ከአጥሩ ወዲያ ይሰማዋል፤ ‹ይማርህ› ግን አይባባሉም። ሞላ አናጢ ነው፤ የአራጌ በር መቀርቀሪያ ሳይሠራ የቀረውም ለዚሁ ነው። ሌላ አናጢ ቢጠራ የሰፈሩ ሰው ‹ወንድሙ እያለ› ይለዋል፤ ወንድሙን ከሚጠራ ደግሞ ሞቱን ይመርጣል።

ሱቁን በጠራራው ዘጋ። ጎረቤቱ ባለሻይ ቤት «ምነው፣ ሰው ሞተ እንዴ?» ቢለው «ገና ነው» ብሎት አለፈ። በመንገዱ ሁሉ አንድ ነገር ሲከነክነው ሄደ። ተማሪ ‹ወላጅ አምጣ› ሲባል መናኸሪያ ሄዶ፣ ለአንዱ ሥራ ፈት የሻይ ሰጥቶ፣ አባት ወይም አጎት እንደሚከራይ አገር ያውቃል። የተከራየ ሰው ግን አያለቅስም። ሁለት ቃል ተናግሮ፣ ‹ልጁን እመክረዋለሁ› ብሎ፣ ወደ ሻዩ ነው የሚመለሰው። ለሰው ልጅ ዓይኑ ደም እስኪመስል የሚያለቅስ ማን ነው? ምኗ ሆኖ ነው? ሰው ሰላም ሲለው እንኳ ‹ይኸኛው ይሆን?› እያለ ፊቱን ያጠናል። ከልጁ አስተማሪዎች እስከ ቄሱ ድረስ ያልጠረጠረው አልነበረም፤ ሮቢት ያለው የትርሲት ወንድምም ቢሆን ከጥርጣሬ አላመለጠም።

ትርሲት ከደጅ ባለችው ትንሽ ጥላ ሥር ተቀምጣ፣ ሰፌድ ላይ ምስር ትለቅማለች። ባሏ በዚያ ሰዓት ቤት መምጣቱን አይታ ‹ምነው?› አላለችም። እሱም ደህና ዋልሽ አላለም። ሳሎኑ ውስጥ ገብቶ ልጁ የምትተኛበትን ጥግ ቆሞ አየው፦ በደንብ የተነጠፈ አልጋ፣ ሚስማር ላይ የተሰቀለ የክት ቀሚስ፣ ግድግዳው ላይ በሙጫ የተለጠፈ የፔሪዮዲክ ሠንጠረዥ። ፍራሹን ገለጥ አድርጎ አየ። ምንም የለም። ምንም አለመኖሩም አላማረውም፤ ይኸን ያህል ንጹሕ ጥግ ያላት ልጅ አንድ የደበቀችው ነገር መኖር አለበት። ተመልሶ ወጣና ከትርሲት ፊት ቆመ።

«ልጅሽ ታረፍዳለች እንዴ?»

ትርሲት አንዲት ጠጠር ለቅማ ወረወረች። «ታረፍዳለች።»

«እና ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምኑን ልንገርህ?» አለች ቀና ሳትል። «እኔ አልሸኛት። የምትወጣው አንተ ስትከፍትላት ነው።»

አራጌ ይኸን እንደ ተራ መልስ ሰማው። ልቡ ሌላ ቦታ ነበርና። ‹አንድ ነገር ደብቀውኛል፣ እናትና ልጅ መክረውብኛል› እያለ ወደ ጓሮ ዞረ፤ እዚያም ቆሽቱን የሚያሳርር ነገር አገኘ። ከአጥሩ ቆርቆሮዎች አንደኛው ከታች በኩል ሚስማሩ ተነቅሏል። በእጁ ቢገፋው ክንድ የሚያሳልፍ ያህል እንደ መጋረጃ ገለል አለ። በወዲህም በወዲያም በኩል መሬቱ ለስልሷል፤ ሰው እየመጣ የሚቀመጥበት ቦታ መሆኑ ያስታውቃል፤ የለውዝ ቅርፊትም ተበትኗል። «አሃ!» አለ አራጌ፣ ብቻውን። ድሪው አልበቃው ብሎ አሁን ደግሞ በጓሮ! ድንጋይ ፈልጎ ቆርቆሮውን ሊደፍነው ሲያጎነብስ ትርሲት ከኋላው መጥታ ቆማለች። «እሱን ተወው» አለችው። ‹ለምን?› ቢላት ሰፌዷን ደረቷ ላይ ታቅፋ በእሱና በቆርቆሮው መሐል ቆመች። አራጌ ድንጋዩን ጥሎ ወጣ።

መናኸሪያው በዚያ ሰዓት ይጮኻል። ረዳቶቹ «ዋጃ! አላማጣ!»፣ «ሮቢት! ወልድያ! አንድ ሰው!» እያሉ ይሻማሉ፤ አንድ ሰው የሚሉት ግማሹ ወንበር ባዶ ሆኖ ነው። አራጌ ይኸን ቦታ አይወደውም። ልጁ በዚህ በኩል አቋርጣ እንዳትሄድ የከለከለም እሱ ነው። አንድ ቀን፣ ሄኖክ የሚባል ባለ ባጃጅ ልጅ ለብሩክታዊት ሲስቅላት፣ እሷም ስትስቅ በዓይኑ አየ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ መንገዷ በቤተ ክርስቲያኑ በኩል፣ በጎርፍ መውረጃው ድልድይ ዞሮ ሆነ። ይርዘም እንጂ የተከበረ መንገድ ነው። ሄኖክን ባጃጁ ውስጥ እግሩን ሰቅሎ ስልኩን ሲጎረጉር አገኘው።

«አንተ ልጅ» አለው፣ «ትምህርት ቤት ሄደህ የብሩክታዊት አባት ነኝ ያልከው አንተ ነህ?»

ሄኖክ እግሩን አወረደ፤ ከዚያ ሳቁ መጣበት፤ የአራጌን ፊት ሲያይ ደግሞ ሳቁን መለሰው። «ጋሼ፣ እኔ ጢሜ እንኳ በወጉ ያልበቀለ፣ የማን አባት ልሁን? እዚህ ያሉትንም አይጠርጥሩ። ትምህርት ቤት በር ላይ ያለው ጋሽ ታሂር ሁሉንም በመልክ ያውቃቸዋል፤ ባለፈው አንዱን በዱላ ነው ያባረረው።»

«ልጄን ግን ታውቃታለህ።»

«ስታልፍ አያታለሁ። በዚያ በድልድዩ በኩል፣ ደብተሯን ደረቷ ላይ ይዛ፣ ስትሮጥ። ሁልጊዜ እንደሮጠች ነው። አንድ ቀን ‹ግቢ ላድርስሽ፣ ሂሳብ አልፈልግም› ብላት ‹አባቴ ካየኝ ይገለኛል› ብላ አለፈች።»

አራጌ ደስ ሊለው ይገባ ነበር። ልጁ ቃሉን ጠብቃለች። ግን ደስ አላለውም። ለምን ትሮጣለች? ከማን ነው የምትሮጠው? ከአንድ ሰው የሚሮጥ ሰው ወይ ፈርቷል ወይ ተቀጣጥሯል። ይኸን እያብሰለሰለ፣ ላብ ሸሚዙን ከጀርባው ጋር አጣብቆት፣ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ደረሰ።

የብረቱ በር ግጥም ብሎ ተዘግቷል። ከውጭ ባለችው ግራር ሥር ጠዋት ያረፈዱ ተማሪዎች ከክፍለ ጊዜ በኋላ ይገቡ እንደሆነ ብለው ተኮልኩለዋል፤ አንዷ ጫማዋን አውልቃ አቧራ ታራግፋለች። በሩ ላይ ማስታወቂያ ተለጥፏል፤ አራጌ መነጽሩን ስላልያዘ ወደኋላ ራቅ ብሎ፣ እየፈደለ አነበበው። ከሁለት ሰዓት በኋላ በሩ አይከፈትም። ሦስት ጊዜ ያረፈደ አንድ ቀን እንደቀረ ይቆጠራል። ከተፈቀደው በላይ የቀረ ተማሪ ስሙ ይሰረዛል፤ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ከሆነም ለብሔራዊ ፈተና አይመዘገብም። ከሁሉ በታች፣ በቀይ፦ ወላጁ ያልሆነ ሰው ወላጅ ነው ብሎ ያመጣ ተማሪ ለዓመቱ ከትምህርት ይታገዳል። የመጨረሻዋን መስመር ደጋግሞ አነበባት። ‹ጎሽ!› አለ በልቡ። ‹ሕግ አለ ማለት ነው። ያንን አጭበርባሪ አስይዘዋለሁ።› የሚታገደው አጭበርባሪው ሳይሆን ልጁ መሆኗ ቆይቶ ነው የታየው።

ታሂር በመስኮቷ ብቅ አለ፤ በእርጅና የጎበጠ፣ ኮፍያ ያጠለቀ ዘበኛ ነው። ሊያባርረው አፉን ከፍቶ ሳለ ፊቱን አየና ዝም አለ። «የብሩክታዊት ቤተሰብ ነህ አይደል?» አለው። «ወላሂ፣ ሰው እንዲህ ይመሳሰላል? ግባ፣ ግባ ወንድሜ። ያቺ ልጅ መቼም አንጀት ትበላለች። ትናንትም ከተዘጋ በኋላ ደርሳ በሩን ይዛ ቆመች፤ ለምኜላት ነው የገባችው።» አራጌ ‹ከማን ጋር ነው የምመሳሰለው?› ለማለት ፈልጎ፣ እግሩ ግን ቀድሞት ወደ ቢሮው ሄደ። የሆነ ነገር ልቡ ውስጥ ጠቅ አድርጎት ነበር፤ ሊያየው አልወደደም።

የአርፋጆችና የቀሪዎች ጉዳይ የሚታየው መምህር ኤፍሬም ዘንድ ነው። ቢሮው አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት የማይመሳሰሉ ወንበሮች፣ መስታወቱ በካርቶን የተተካ መስኮት አለው። መምህሩ እንቅልፍ የጠገበ አይመስልም፤ ሸሚዙ ላይ ጠመኔ አለ። አራጌ ገና ከደጃፉ ‹አንድ ሰው በስሜ አጭበርብሯችኋል› ሊል ደረቱን ነፍቶ ሲገባ፣ መምህሩ ብድግ ብሎ እጁን ዘረጋለት።

«ቁርጥ እሳቸውን! የብሩክታዊት አባት ወንድም ነዎት። ይቀመጡ። እሳቸው እርስዎን መላካቸው ነው?»

አራጌ ተቀመጠ። በዓለም ላይ እሱን ቁርጥ የሚመስል አንድ ሰው ብቻ ነው ያለው፤ እሱም ከቆርቆሮው አጥር ወዲያ ነው። ድሪውን ሰረቀ፣ አሁን ደግሞ ስሜን፣ ልጄን! ይነሣና ‹ወንድሙ አይደለሁም፣ አባቷ እኔ ነኝ፣ ያ ሰው ሌባ ነው!› ብሎ ጠረጴዛውን ይመታ ዘንድ እጁ ጠንክሮ ነበር። መምህሩ ግን ንግግሩን ጀምሯል።

«እውነቴን ልንገርዎት፣ እዚህ ወንበር ላይ ከተቀመጥኩ ወዲህ ሰው ማመን ትቻለሁ። ወላጅ ነኝ እያለ የሚመጣው ሁሉ ያስቸግረናል። አንዱ ‹አያቷ ሞተው ነው›፣ ሌላው ‹ታማ ነው› ይላል። የእርስዎን ወንድም ግን አመንኳቸው። ለምን ቢሉኝ፣ የተከራየ ሰው ራሱን አይሰድብም።»

«ራሱን ሰደበ?» አለ አራጌ። ድምፁ የሌላ ሰው ድምፅ መሰለው።

«አዎ። ‹ልጄ ምንም አላጠፋችም፣ አርፋጁ እኔ ነኝ› አሉኝ። ‹ጠዋት ቤተሰቤን ከውጭ ቆልፌ ለጸሎት እሄዳለሁ፤ ቁልፉ አንገቴ ላይ ነው። ልጄ ደብተሯን ይዛ በሩ ሥር ቆማ ትጠብቀኛለች። ሰው አዋርቼ ስመለስ ረፍዷል። ያም ሳይበቃኝ በአጭሩ መንገድ እንዳትሄድ ብዬ በሩቁ እሰዳታለሁ፤ እየሮጠች ደርሳም በሩን ተዘግቶ ታገኘዋለች። እሷ ግን አባቴን አሳጣለሁ ብላ አንድ ቀን ለእናንተ አልተናገረችም› አሉኝ። ‹ታዲያ ቁልፉን ለምን ቤት አይተዉትም?› አልኳቸው። ‹አንዴ ተሰርቄያለሁ ብዬ አመንኩ› አሉኝ፤ ‹ከዚያ ወዲህ ማንንም ማመን አቃተኝ፣ ወንድሜን እንኳ። ክፉ ሰው አይደለሁም፤ የፈራሁ ሰው ነኝ› ብለው አለቀሱ። እኔም... ምን ልበልዎት፣ የቤተሰብ ነገር ነው። እሳቸውንም አስፈርሜ፣ እሷንም መክሬ፣ ለአንድ ጊዜ አለፍኩላት።»

አራጌ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። እጁ ሳያዘው ወደ አንገቱ ሄደ፤ ቁልፉ ከሸሚዙ ሥር፣ ከላቡ ጋር ተጣብቆ፣ እዚያው ነው። ይኸን ሁሉ ጊዜ ሌባ ሲፈልግ የልጁን ጠዋት ሲሰርቅ የኖረው እሱ ነው። ያውም ይኸን አንድም ሰው ፊት ለፊት አልነገረውም። ትርሲት ነግራዋለች፤ አልሰማም እንጂ። ‹ክፉ ሰው አይደለሁም፤ የፈራሁ ሰው ነኝ።› ሞላ ይኸን ከየት አመጣው? በዚያች በተነቀለች ቆርቆሮ ሥር ተቀምጦ ከልጅቷ ሰምቶ? ወይስ ድሮ፣ ሁለቱም ልጆች ሳሉ፣ አራጌ ጨለማ ሲፈራ የሞላን እጅ ይዞ ይተኛ ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ ያውቀዋል? ተናደደም፣ አፈረም፤ የቱ ቀድሞ እንደመጣ እሱም አያውቅ።

«ግን ትናንት እንደገና አርፍዳለች» አለ መምህር ኤፍሬም፣ ግንባሩን እያሸ። «ነገ ካረፈደች በእኔም እጅ የለም። ስሟ ይሰረዛል፤ ፈተናው ያመልጣታል። እንዲህ ያለች ልጅ! ቆይ እንዲያውም ላስጠራት፣ እርስዎም ይምከሯት።»

አራጌ ‹አይጥሯት› ሊል ነበር። አልደረሰም። ብሩክታዊት ከበረንዳው ማዶ ካለው ክፍል ተጠርታ መጣች፤ ደጃፉ ላይ ስትደርስ አባቷን አየችው። ፊቷ አመድ መሰለ። በሩን በአንድ እጇ ያዘች። አራጌ ልጁ እሱን ስታይ አንገቷን የምትደፋው ስለምታከብረው ይመስለው ነበር፤ እንዲያ ብሎ ለሰውም ይመካበት ነበር። አሁን ግን በዚያች ቅንድቧ ሥር ያየው ሌላ ነገር ነው፤ ልክ እንደ ተያዘ ሌባ እየጠበቀችው ነው። አንዲት ቃል ከአፉ ከወጣች ዓመቷ አለቀ፤ ሐሰተኛ ወላጅ አምጥታለች፣ ትታገዳለች። ያቺን ቃል ደግሞ ይናገራል ብላ ተስፋ ቆርጣለች። እሱ መቼ ምሮ ያውቃል?

«መቼም ስምዎን አልጠየቅኩዎትም» አለ መምህሩ።

አራጌ ጉሮሮውን ጠረገ። ከእናቱ አርባ ወዲህ ያንን ስም በአፉ ጠርቶት አያውቅም።

«ሞላ» አለ። «ሞላ እባላለሁ። አጎቷ ነኝ።»

ከውጭ የሆነ ክፍል ልጆች አንድ ላይ የሚያነቡት እንግሊዝኛ ይሰማል። «ሰላም በያቸው እንጂ» አለ መምህሩ ልጅቷን። «አጎትሽን ረሳሻቸው?»

«ደህና ዋሉ...» አለች ብሩክታዊት። «ደህና ዋሉ፣ አጎቴ።»

«ደህና ነኝ፣ የእኔ ልጅ» አለ አራጌ። መምህሩ እስከ ደጃፉ ሸኘው። «ለወንድምዎ አደራዎን በደንብ ይንገሩልኝ» አለው። «እነግረዋለሁ። ከሰማኝ» አለ አራጌ። «ይሰማሉ» አለ መምህሩ፣ «ቅን ሰው ናቸው።»

ወደ ቤቱ የተመለሰው በመናኸሪያው በኩል አልነበረም። ልጁን ባዘዘበት መንገድ ሄደ። ድልድዩ ጋ ሲደርስ ደከመው፤ አሸዋው ጫማው ውስጥ ገባ፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ያሉ ውሾች ተከትለው ጮኹበት። ይኸንን እሷ ስትሮጥ ነው የምታልፈው። ሰው ልጁን እዚህ ይሰዳል? ሰደዳት እንጂ። አንድ ሁለት ጊዜ ቆሞ ትንፋሹን ሰበሰበ፤ ሰው ሲያልፍ ጫማውን የሚያራግፍ መሰለ። ቤቱ ደጃፍ ሲደርስ ፀሐይ ወደ ዞብል ጋራ ፊቷን መልሳ ጋራውን ታቀላዋለች። በራሱ በር አልገባም። አጥሩን አልፎ ሄደና፣ አጥሩ ከቆመ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ የወንድሙን በር አንኳኳ።

ሞላ ግቢው ውስጥ የአልጋ እግር ይልጋል፤ ሽበቱ ላይ የእንጨት ብናኝ ሰፍሯል። አራጌ ደነገጠ፤ ወንድሙ አርጅቷል። ሞላ እሱን ሲያይ መላጊያውን እንደያዘ ብድግ አለ፤ ለጠብ እንደመጣ ነው የገመተው።

«የብሩክታዊት አባት አንተ ነህ አሉኝ» አለ አራጌ፣ ከበሩ ሳያልፍ።

ሞላ መላጊያውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። «አያ አራጌ... ልጅቷ አልቅሳ ለመነችኝ። አንተን ብትጠራህ...»

«መልእክት ይዤልህ ነው የመጣሁት» አለ አራጌ ቶሎ ብሎ፤ ካልተቻኮለ የሚያለቅስ መስሎት ነበር። «ነገ ካረፈደች ስሟ ይሰረዛል። ልጅቷን በጊዜ ይልቀቋት ብለዋል።»

«አንተስ ምን አልካቸው?»

«ለወንድሜ እነግረዋለሁ አልኩ።»

ሞላ ሊስቅ ነው ሊያለቅስ አልታወቀም፤ ፊቱን በክንዱ ጠረገ። ከአጥሩ ወዲያ የትርሲት ሰፌድ ድምፅ ቆሟል። አራጌ እጁን ወደ አንገቱ ሰደደና ማተቡን መፍታት ጀመረ። ቋጠሮው በላብ ጠጥሯል፤ ጥፍሩ አልፈታው ሲል በጥርሱ ያዘው። ማተቡን መልሶ አሰረ። ቁልፉን ዘረጋለት።

«ኪዳኑን አልተውም» አለ። «አንተ ግን አንድ ሰዓት ላይ ውጣና ክፈትላት። ለሷም አባትሽ ፈቅዷል በላት፣ በፈለገችው መንገድ ትሂድ።»

ሞላ ቁልፉን በመዳፉ ተቀበለው፤ ጣቶቹን ግን አላጠፈባቸውም። ትንሽ ብናኝ ያለበት መዳፉ ላይ እንደተቀመጠ አየው።

«ነገ ከቤትህ አንድ ዕቃ ቢጠፋ እኔን ልትል ነው።»

አራጌ ‹የለም› ሊል አፉን ከፈተ። ግን ለአንድ ቀን የሚበቃውን ያህል ዋሽቷል።

«እላለሁ» አለ። «አንተ ብቻ በጊዜ ክፈትላት።»